እህል የነሳችኝ ሴት

«እትዬ አስካለ አረፉ። ቀብሩ ነገ በስድስት ሰዓት ልደታ ማርያም ነው» ብሎ የነገረኝ የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ ነው። ነግሮኝም አልሄደ፤ በሩ ላይ ቆሞ ፊቴን ያያል። የባሌ እህት እንደሆነች ያውቃልና ጩኸት ጠብቆ ነበር። «እግዜር ነፍሳቸውን ይማር» አልኩትና በሩን ዘጋሁ። ገብቼም የጀመርኩትን ሽንኩርት ጨረስኩ። ዓይኔ አንብቶ ከነበረ በሽንኩርቱ ነው፤ ሰው እንዳይሳሳት።

ሰፈሩ ሲያወድሳት ሰነበተ። ቆራጥ ነበሩ፣ በጣልያን ጊዜ ቤቷ የተቃጠለባትን የወንድማቸውን ሚስት አስጠግተው አኖሩ ይላል። ያቺ ሚስት እኔ ነኝ። በሕይወቷ ሳለች አንቱ ስላት ኖሬያለሁ። አሁን አንቱታውን ለቀባሪዎቿ ትቼላቸዋለሁ።

አስካለ ረጅም፣ ቀጭን፣ የትከሻዋ አጥንት በቀሚሷ ላይ የሚቆጠር ሴት ነበረች። ባሏ ከሞተ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ባለው ግቢዋ አራት ላሞች ይዛ ወተትና ቅቤ ትሸጣለች። ስታልብ ግንባሯን ከላሚቱ ጎን ላይ ታስደግፍና ዓይኗን ጨፍና ነው የምታወራው፤ ማንንም አታይም፣ ግን ሁሉንም ትሳደባለች። ደግሞ ያገኘችውን ሁሉ በሁለት ጣቷ ትቆነጥጥ ነበር። ቅቤ ሊሸጥ የወጣ እንደሆነ ቅቤውን፣ ጥጃ የተወለደ እንደሆነ የጥጃውን ቆዳ፣ ሰው የመጣ እንደሆነ ሰውየውን። ከቆነጠጠች በኋላ ዋጋውን ትናገራለች።

እኔ ወፍራም ነበርኩ። በዚያን ዘመን ውፍረት ያኮራል እንጂ አያሳፍርም። ባሌ ተሰማ ሰንጋ ተራ አጠገብ ኮርቻ ይሰፋ ነበር። ከሥራ ሲገባ ደጃፉ ላይ ቆሞ ያየኝና «ቤቴ ሞልቶ ጠበቀኝ» ይለኛል። ልጅ አልሰጠንም፤ ሁለታችን ከአንድ መሶብ እንበላለን። ሁለተኛ እንጀራ የሚያነሳው እሱ ነው፤ ሦስተኛውን ግን እኔ ነኝ። ጉልበቴን ያመኛል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ ከወንዝ ውሃ ቀድቼ ስወጣ ሦስቴ አርፋለሁ። ቢሆንም በዕድሜዬ ሙሉ ሩጪ ያለኝ ሰው አልነበረም።

የካቲት ላይ ጣልያን ከተማውን ሲያቃጥል ግን ሩጪ ተባልኩ። ወታደሮቹ ቤት ለቤት እየገቡ ወንድ የተባለውን ያወጣሉ፣ ጣራውን በእሳት ይለኩሳሉ። ተሰማ «አስካለ ጋ እንግባ፤ የሷ በር ቆርቆሮ ነው። እኔ ቀድሜ ላስከፍት፣ አንቺ ቀስ እያልሽ ድረሺ» ብሎኝ ሮጠ። እኔ ገና ብዙም ሳልራመድ ተመልሶ መጣ። «ሰው የለም፣ ሸሽተዋል። በጓሯችን እንሻገር» አለኝ።

ከጓሯችን ኋላ የድንጋይ ካብ ነበር፤ ከካቡ ወዲያ ገደሉና ወንዙ። ጎረቤቶቻችን ሁሉ በዚያ ወርደዋል። ተሰማ ጎንበስ ብሎ «ጀርባዬን ርገጪ» አለኝ። ረገጥኩት። እጄ የካቡን አናት ያዘ፤ ገላዬ ግን አልነሳ አለኝ። ወረድኩ። ደግሞ ሞከርን። በሦስተኛው ተሰማ ከሥሬ ሲያቃስት ሰማሁት፣ ያን ጊዜም የደጁ በር ተሰበረ። ብቻውን ቢሆን ያን ካብ እንደ ድመት ነበር የሚዘለው። አልዘለለም። በትከሻው ገፍቶ ከማድ ቤቱ ኋላ ሳማው ውስጥ ጣለኝና እጁን ወደ ላይ አንስቶ ወደ ወታደሮቹ ሄደ። ወደኔ እንዳይመጡ ነው። ይዘውት ወጡ። ቤቱን ለኮሱት። እኔ በሳማው እየተለበለብኩ ድምፄን ውጬ ተኛሁ። ተሰማ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም፤ ሬሳውንም አላገኘንም።

ሬሳ ባይኖርም በአርባኛው ቀን በአስካለ ግቢ ተዝካር አወጣን። ሴቶቹ ተሰብስበው እያለቀሱ ሳለ አስካለ ተነሳችና ወደ እኔ መጣች። ልታቅፈኝ መስሎኝ ቀና አልኩ። እሷ የክንዴን ሥጋ በሁለት ጣቷ ቆንጥጣ አነሳችና ለለቀስተኛው አሳየች።

«ወንድሜን የገደለው ጥይት እንዳይመስላችሁ» አለች። «ይሄ ነው።»

ክንዴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። እውነት መስሎኛል።

የኔ ዘመዶች ቡልጋ ናቸው፤ መንገዱ በወታደር ተዘግቷል። ቤቴ አመድ ነው። ስለዚህ እዚያው ከሷ ግቢ፣ ከጥጆቹ በረት አጠገብ ባለችው ክፍል ቀረሁ። ወተት እያመላለስኩ፣ አዛባ እየዛቅሁ እኖር ጀመር። ጾሙ እስኪፈታ ምንም አላለችኝም። ፋሲካ አለፈና ማክሰኞ ጠዋት ከመሶቡ አጠገብ ስቀመጥ ክዳኑን ከእጄ ወሰደችው።

«ከዛሬ ጀምሮ እንጀራ የለሽም» አለችኝ።

«ምን አጠፋሁ፣ እትዬ?»

«እንጀራም፣ ቂጣም፣ ቆሎም፣ ሽሮም፣ ድንችም፣ ጠላም የለሽም። ሥጋ ትበያለሽ፣ እንቁላል ትበያለሽ፣ አይብና ቅቤ፣ ጎመን ትበያለሽ። ከዚያ ውጪ በአፍሽ የሚገባ ነገር የለም።»

ያበደች መሰለኝ። በሥጋና በቅቤ ሰው ይወፍራል እንጂ ይከሳል ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ነገሩን ያመጣችው ከባሏ ነው። ሰውየው የስኳር በሽታ ነበረበት፤ ሽንቱ የነካው ቦታ ላይ ጉንዳን ይሰበሰባል። ከጦርነቱ በፊት አንድ የውጭ አገር ሐኪም እህልና ማር ከልክሎት በሥጋና በጎመን አኖረው። በሽታው አልማረውም፤ ሆዱ ግን ጠፍቶ ሱሪውን በገመድ አስሮ ነው የሞተው። አስካለ ያን አይታለች። «የሚያወፍረው እህሉ ነው። ሐኪሙ ሲናገር በጆሮዬ ሰምቻለሁ» ትላለች፤ ሌላ ክርክር የላትም።

የመጀመሪያው ቀን እንደ ድግስ ሆኖልኝ ነበር። በዚያ ችግር ጊዜ ማን ጉበትና ጨጓራ ያገኛል? ከሰንጋ ተራ አራጆች በቅቤ እየለወጠች የምታመጣው የሆድ ዕቃ ነው። በሦስተኛው ቀን ግን ራሴን ሊፈልጠኝ ደረሰ። እግሬ ይብረከረካል፤ የወተቱን ቅል ተሸክሜ ስነሳ ምድር ትዞርብኛለች። አፌ የበሰበሰ ፍራፍሬ ይሸታል፤ እኔው ራሴ ይሸተኛል። ሆዴ ደርቆ ስድስት ቀን ሙሉ ለመጸዳዳት ወጥቼ እንዲሁ እመለስ ነበር። አስካለ ጨው የበዛበት መረቅ በትልቅ ጣሳ ታመጣና ከፊቴ ትቆማለች።

«ጠጪ።»

«ሆዴን አመመኝ፣ እትዬ።»

«ያመመሽ ሆድሽ አይደለም፣ ልማድሽ ነው። ጠጪ።»

ለድርቀቱ ተልባ በጠበጠችልኝ። መድኃኒቱን ሁሉ ታውቀው ነበር፤ እውነቱን ለመናገር በበሽታ አላሰቃየችኝም። ያሰቃየችኝ በሌላ ነው። እሷ እንጀራዋን ከፊቴ ዘርግታ ነው የምትበላው። ሌላ ቦታ ብትበላ ምን ነበረበት? የግቢው ስፋት ሰርግ ይደገስበታል። ግን ከፊት ለፊቴ ቁጭ ብላ ቀስ ብላ ትቆርሳለች፣ በወጡ ታጠቅሳለች፣ ዓይኔን እያየች ትጎርሳለች።

«እኔ ቀጭን ነኝ» ትለኛለች። «እኔ ልብላ።»

ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የጥጃ ማሰሪያ ገመድ ይዛ ትመጣለች። ወተት ሊገዙ በተሰለፉት ሴቶች ፊት ወገቤን ትለካና ገመዱ የደረሰበት ላይ ትቋጥራለች። ሴቶቹ ይስቃሉ። አንዷ አንድ ቀን «ምነው እትዬ አስካለ፣ ሴትየዋን ሊሸጧት ነው እንዴ?» አለቻት። አስካለ አልሳቀችም። «ማን ይገዛታል?» አለችና ገመዱን ከወገቤ ፈታ ሄደች።

ከፋሲካ ወዲህ ያለው ሃምሳ ቀን ካለፈ ደግሞ ረቡዕና ዓርብ ሥጋውም ቅቤውም እንቁላሉም ይጾማል። በእነዚያ ቀናት ጎመን በኑግ ዘይት ብቻ ነው። በርኅራኄ ትንሽ ሽሮ ትሰጠኝ ይሆናል ብዬ ለምኜ ነበር። «ሽሮም እህል ነው» አለችኝ። ያን ጊዜ ምን እንዳየሁ ልንገራችሁ፤ የተሰማን ፊት ማለም ትቼ የእንጀራ ጠርዝ ማለም ጀመርኩ። ያ ነገር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ለሐዘኔ እንኳ ቦታ አላስተረፈችልኝም።

ከሁሉ የሚያናድደው ደግሞ ነገሩ መሥራቱ ነው። በሁለተኛው ወር ረሃቡ ለቀቀኝ። ጠዋት ጉበት ከበላሁ እስከ ማታ ምግብ ትዝ አይለኝም። ቀሚሴ ሰፋ፤ መቀነቴን ሁለቴ እጠመጥመው ጀመር። ጉልበቴ ዝም አለ። አንድ ቀን ከወንዝ ውሃ ይዤ ወጥቼ ግቢው ከገባሁ በኋላ ነው መንገድ ላይ አለማረፌ ትዝ ያለኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እንስራዬን ይዤ ቆሜ አለቀስኩ። ይህ ጉልበት በየካቲት የት ነበር? አስካለ ከላሚቱ ሥር ሆና አየችኝ።

«አሁን ልቅሶው ምን ያደርጋል?» አለች። «አሁንማ ማን አለና ነው?»

ፍልሰታ ገባ። ዐሥራ አምስት ቀን ሙሉ ጎመንና ተልባ ብቻ። በስምንተኛው ቀን ቅዳሴ ላይ ቆሜ ሳለሁ ወደቅሁ። ሰዎች ደግፈው ከጥላ አስቀመጡኝና የንስሐ አባቴ መጡ። ነገሩን ስነግራቸው ደነገጡ።

«ልጄ፣ እህል ጾም አይሽርም። እግዚአብሔር ያልከለከለሽን ማን ከለከለሽ? ሂጂና እንጀራ ብዪ» አሉኝ።

ለአስካለ ነገርኳት። «አባ ካብ አያሻግሩሽም» አለችኝና ጎመኑን አቀረበች።

በማግስቱ ወተት ላደርስ ሄድኩ። በጾሙ የሚገዙን ጣልያኖቹ ብቻ ነበሩ፤ ዛሬ ሜክሲኮ ከምንለው አደባባይ አጠገብ ለነበረ የጣልያን ፉርኖ ቤት አደርሳለሁ። እዚያ ሊጥ የምታቦካ ወለተ የምትባል ሴት ነበረች። ፊቴን አይታ ምንም አልጠየቀችኝም። ከምድጃው የወጣ ትኩስ ፉርኖ በሻሽዋ ጠቅልላ በእቅፌ ጣለችልኝ። ከግንቡ ኋላ ቁጭ ብዬ በላሁት። ቅርፊቱ ምላሴን አቃጠለኝ፤ አልጠበቅሁትም። የጠላት ዳቦ መሆኑን አውቃለሁ። በላሁት።

ስመለስ አስካለ በሩ ላይ ነበረች።

«አፍሽን ክፈቺ» አለችኝ።

«አልከፍትም።»

ቀረብ ብላ አሸተተችኝ። «ፉርኖ! የነዚያን ዳቦ! ወንድሜን የበላሽው አነሰሽ?»

ከዚያ በፊት ብዙ ብላኛለች፤ ችዬ ነበር። ያን ዕለት ግን ሆዴ ውስጥ ያለው ዳቦ ይሁን ሌላ ነገር፣ ጉልበት ሰጠኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንቺ አልኳት።

«እኔ ነኝ የበላሁት? በርሽን አንኳኩቶ ሰው አጥቶ አይደል የተመለሰው? ቤትሽ ብትገኚ እሱም በተረፈ ነበር! የት ነበርሽ? የት ሸሽተሽ ነበር?»

ፊቷ ከሰል መሰለ። ትመታኛለች ብዬ ስጠብቅ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«የትም አልሸሸሁም።»

«እንዴት?»

«ከበሩ ኋላ ቆሜ ነበር» አለች። «አስካለ ክፈቺልኝ አለኝ። መወርወሪያውን ይዣለሁ። ልከፍት ስል፣ ዘነበች ከኋላ እየመጣች ነው፣ እስክትደርስ በሩን እንያዝላት አለኝ። ከላይ ይተኩሳሉ። ቤት ይቃጠላል። አንቺ እስክትደርሺ! አንቺ ያን ቁልቁለት ለመውረድ ስንት ጊዜ ነው የምታርፊው? ብቻህን ከሆንክ ግባ፣ እሷን አልጠብቅም አልኩት።»

«እሱስ ምን አለ?»

«ምንም። ሄደ።»

ላሚቱ ከበረት ትጮሃለች፤ የማለቢያዋ ሰዓት አልፎ ነበር። እኔ የማስበው ግን ተሰማን ነው። ያን ዕለት ወደ እኔ ሲመለስ «አስካለ አልከፍትም አለች» ማለት ይችል ነበር። «ሰው የለም» ነው ያለኝ። የሚሞትበት ሰዓት ሲደርስ እንኳ እህቱን እንዳልጠላበት ዋሸኝ። እሷ ደግሞ ከአርባ ቀን በኋላ በሰው ፊት ክንዴን ቆንጥጣ አነሳች።

አልሰደብኳትም። ነጠላዬን ደርቤ ወጣሁ። ከኋላዬ «ወዴት ነው?» ብላ ጠራችኝ፤ ዞር አላልኩም። መንገዱ በወታደር ቢዘጋም እግረኛ የሚያልፍበት መንገድ አለ ሲሉ ሰምቼ ነበር። በክረምት፣ በዚያ ጭቃ፣ ገደል ለገደል አራት ቀን ተጉዤ ቡልጋ ገባሁ። እናቴ ስታየኝ አላወቀችኝም፤ የኔ ዘነበች ወፍራም ናት ብላ በሩ ላይ አቁማኝ ስንት ነገር ጠየቀችኝ። ያን መንገድ በበፊቱ ገላዬ ቢሆን ግማሽ ቀን አልሄደውም ነበር። ይህን አልክድም። ከአስካለ ቤት የወጣሁት አስካለ በሰጠችኝ እግር ነው፤ ግን ምስጋና ከአፌ አይወጣም።

እናቴ ቤት እንጀራ በላሁ። ገብስ ቆሎ በላሁ፣ ጠላ ጠጣሁ። በመጀመሪያው ሳምንት እግሬ አበጠ፣ ሆዴ ተነፋ፤ ቀስ እያለ ገላዬም ተመለሰ፣ ሁሉም ባይሆን እኩሌታው። አልከፋኝም። ዛሬም ሰው ውፍረት ቀንሺ ሲለኝ እህሉን መተው እንደሚቀንስ ከማንም በላይ አውቃለሁ እለውና እንጀራዬን እቆርሳለሁ።

ነጻነት ሲመጣ ወደ ልደታ ተመለስኩ። እዚያው ሰፈር ቤት ተከራየሁ። አስካለና እኔ በመንገድ ስንገናኝ «እንደምን አደሩ» እላታለሁ፤ ከዚያ ያለፈ ቃል የለም። አንድ ዓመት ግድም ቆይቶ ሦስት ሽማግሌዎች ላከችብኝ፤ አንደኛው እኒያው የንስሐ አባቴ ነበሩ። ታረቂ አሉኝ። እትዬ አስካለ አርጅተዋል፣ ሌላ ዘመድ የላቸውም፣ የወንድማቸው ሚስት ደጃቸውን እንድትረግጥ ይፈልጋሉ አሉኝ።

«እትዬ አስካለ አንድ ነገር ካደረጉ እታረቃለሁ» አልኳቸው።

«ምንድን ነው?»

«በተሰማ ተዝካር በሰው ፊት የተናገሩት ነገር አለ። አሁን ደግሞ በፍልሰታ ለእኔ የነገሩኝን በሰው ፊት ይናገሩ።»

ሄደው መጡ። በሽማግሌዎቹ ፊት አቀርቅሬ ተቀመጥኩ። «እትዬ አስካለ ብሞት አልናገረውም ብለዋል» አሉኝ። አባ ደግሞ ጎንበስ ብለው «ልጄ፣ ምን ነበር የነገሩሽ? እኛ እንፍረድ። ንገሪን» አሉኝ።

ሦስቱም ይጠብቃሉ። እነዚህ ሦስት ሰዎች ከሰሙ ሰፈሩ ሰማ ማለት ነው። ያቺ ሴት በቤተ ክርስቲያን ደጅ አንገቷን ቀና አድርጋ መሄዷ ያኔ ያበቃል። ስንት ዓመት የተመኘሁት ነው። አፌን ከፈትኩ።

ግን ያን በር የዘጋችው እህቱ መሆኗን፣ ተሰማ ለኔ እንኳ ያልነገረኝን ነገር፣ እኔ ለሦስት ሽማግሌ ልነግር ነው። «ምንም የለም» አልኳቸው።

«እንዴት ምንም የለም?»

«በምግብ ነው የተጣላነው። እንጀራ ከለከሉኝ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንደኛው ሳቅ አመለጠው፤ አባም ፈገግ አሉ። «ሁለት ትልልቅ ሴቶች በእንጀራ!» እያሉ ካባቸውን አስተካክለው ተነሱ። እኔ እስከ በሩ ሸኘኋቸው። ሰፈሩ እስከ ዛሬ እኔና አስካለ በእንጀራ እንደተጣላን ነው የሚያውቀው።